ለሲጋርም ለማእድ ቤትም የሚሆን የጠረጴዛ ቶርች ላይተር፦ የትኛውን ልግዛ?

ጥያቄ፦ የሲኤምሲ ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ በረንዳ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ሲጋር እናጨሳለን። ባለቤቴ ደግሞ ክሬም ብሩሌ (ላዩ በተቃጠለ ስኳር የሚሸፈን የክሬም ጣፋጭ) መሥራት ጀምራለች። የላዩን ስኳር የምታቃጥልበት ነገር ስለሌላት ማንኪያ ምድጃ ላይ እያጋለች ትጫነዋለች፤ ደህና ማንኪያ አልተረፈንም፣ ሁሉም ጠቁሯል። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም፣ ሰማያዊ ነበልባል የሚተፋ ቶርች ላይተር ገዝተን ለሁለቱም ልንጠቀምበት አስበናል።

የቸገረኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ድሬዳዋ የገዛሁት ባለ ሦስት አፈሙዝ የኪስ ቶርች አለኝ። እዚያ ሳለሁ በአንድ ጠቅታ ይነድ ነበር። አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ግን ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ጋዙ ሲወጣ ይሰማል፣ ይሸታልም፤ ነበልባል የለም። ትልቁን ብገዛስ እንደዚሁ ይሆንብኝ ይሆን? ሁለተኛ፣ የአክስቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ከሜሪላንድ ይመጣል፤ «አንድ ጥሩ ይዤልህ ልምጣ» ብሎኛል። ምን ዓይነት አምጣልኝ ልበለው?

ሰገነት፦

ላይተርህ የተበላሸ አይመስለኝም፤ ጠላቱ ከፍታው ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ብቻ ነው።

ይህ ተራውን ላይተር ብዙም አይጎዳውም። ቶርች ግን አሠራሩ ይለያል። ጋዙ በጠባብ ቀዳዳ በኃይል ሲወጣ በጎን ካሉት ቀዳዳዎች አየር እየሳበ፣ ገና ከአፈሙዙ ሳይወጣ ከአየር ጋር ይቀላቀላል። ነበልባሉ ሰማያዊና ኃይለኛ የሚሆነውም ለዚሁ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጋዙ ይበዛና ድብልቁ ይበላሻል፤ ብልጭታ ቢኖርም አይቀጣጠልም። አፈሙዙ ሦስትና አራት ሲሆን ደግሞ የሚወጣው ጋዝ በዚያው ልክ ስለሚጨምር ችግሩ ይብሳል።

እንዲህ አድርግ። ከሥሩ ያለችውን የነበልባል ማስተካከያ ወደ መቀነሻው እስከ መጨረሻው አዙራት። ከዚያ ሞክረው፤ ሲነድ ቀስ እያልክ ጨምር። ብዙ ሰው ላይተሩ እምቢ ሲለው ማስተካከያውን ወደ ላይ ያዞራል፤ ነገሩን የሚያባብሰው ግን እሱ ነው።

ስትገዛም ባለ አንድ አፈሙዝ፣ ቢበዛ ባለ ሁለት ምረጥ። ማስተካከያው ያለ ጠመንጃ መፍቻ፣ በጣት የሚዞር ይሁን። ከሁሉ በላይ ሻጩ ጋዝ ሞልቶ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ዓይንህ እያየ ያቀጣጥልልህ። አዲስ ዕቃ ባዶውን ስለሚመጣ «ስትሞላው ይሠራል» ብሎ የሚሸኝህ ብዙ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

የአክስትህን ልጅ ዛሬውኑ ደውለህ አስቁመው። በአሜሪካ ሕግ ቶርች ላይተር በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫን ሻንጣ ይዞ አውሮፕላን ላይ መውጣት ክልክል ነው። ተራ ላይተር አንዱን ኪስ ውስጥ ይዞ መሳፈር ይፈቀዳል፤ ሰማያዊ ነበልባል የሚተፋው ግን አይፈቀድም። ላይተሩ የሚሞላበት የቡቴን (የላይተር ጋዝ) ጣሳም እንደዚሁ ነው፤ ፈታሾች ካገኙት ይወስዱታል። ጋዝ ገብቶበት የማያውቅ አዲስ ዕቃ ነው ብሎ ከሚከራከር፣ አስቀድሞ አየር መንገዱን ይጠይቅ። ይልቅስ ጥሩ የሲጋር መቁረጫ ያምጣልህ፤ እሱን በሚጫነው ሻንጣ ቢከተው ማንም አይነካበትም።

ሼፍ እመቤት፦

ወንድሜ፣ እኔ ሆቴል ውስጥ ጣፋጭ ክፍል ነው የምሠራው፤ ሐሳቤን በአጭሩ ልንገርህ፤ አንድ ዕቃ ለሁለቱም አይሆንም። ሻጮች «ለሲጋር፣ ለምግብ፣ ለሻማ» ብለው ካርቶኑ ላይ ይጽፋሉ። ካርቶን ላይ መጻፍ ምን ይገዳል?

ምክንያቱ አቅጣጫው ነው። የጠረጴዛ ላይተር ቆሞ ወደ ላይ ወይም ሰያፍ እንዲነድ የተሠራ ነው፤ ሲጋሩን ወደ እሱ ታመጣለህ። በማእድ ቤት ግን ነበልባሉን ወደ ታች፣ ወደ ሳህኑ ትደፋለህ። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ቡቴን ፈሳሽ ነው፤ ስትደፋው በእንፋሎት ፈንታ ፈሳሹ ራሱ ወደ አፈሙዙ ይመጣል። ያን ጊዜ ሰማያዊው ነበልባል በድንገት ወደ ቢጫ ተለውጦ ክንድ ያህል ይረዝማል። ክሬሙም ጥላሸት ይለብሳል፣ ቅንድብም ሊሄድ ይችላል። ለማብሰያ የሚሠሩት ጥሩዎቹ ተዘቅዝቀውም እንዳይተፉ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ስትገዛ የምትጠይቀው ይህንን ነው።

ለባለቤትህ የሚሆናት በምድጃ ጋዝ ጣሳ አናት ላይ የሚገጠመው የቶርች ራስ ነው። ለሽርሽር በሚያዘው ትንሽ ምድጃ ውስጥ የሚገባውን ረጅም ጣሳ ታውቀዋለህ፤ 220 ግራም ገደማ ጋዝ የሚይዘውን። እኔ ከመርካቶ ነው የገዛሁት። እንደ ኢዋታኒ ያሉት የጃፓን ሥራዎች የታወቁ ናቸው፤ ያንን ባታገኙም ማስተካከያውና መዝጊያው ጠበቅ ያለ፣ ሲዘጋ ጋዝ የማያሸት ይሁን።

አጠቃቀሙን ንገራት። ክሬሙ ከማቀዝቀዣ የወጣ፣ በደንብ የረጋ ይሁን። ስኳሩ በስሱ፣ ሁሉንም ቦታ እኩል ሸፍኖ ይነስነስ፤ ወፍራም ከሆነ ላዩ ሲያር ሥሩ ጥሬ ይቀራል። ቶርቹን ከምግቡ ፊቷን አዙራ ታቀጣጥለው፣ ትንሽ ይንደድና ይጋል፣ ከዚያ ወደ ሳህኑ ትመልሰው። ገና ሲቀጣጠል ያልነደደ ጋዝ ምግቡ ላይ ካረፈ ጣዕሙ ምላስ ላይ ይቀራል። ከሳህኑ አንድ ስንዝር ገደማ ርቃ እያዞረች ታንቀሳቅሰው። ስኳሩ መጀመሪያ ያልበዋል፣ ከዚያ አረፋ ያወጣል፣ ከዚያ ማር ይመስላል። ማር ሲመስል ታንሳ፤ ከዚያ በኋላ ያለው መራራ ነው። ሳህኑ ሴራሚክ ይሁን፤ ተራ ብርጭቆ ይፈነዳል። የማያጣብቅ መጥበሻ ላይ ደግሞ በፍጹም አይሞከርም።

ለዶሮም ደግ ነው። ከተነጨ በኋላ ክንፉና እግሩ ላይ የሚቀረውን ጭገር ለመለብለብ በጋዜጣ እሳት ከመጨናበስ ይሻላል። የኪስ ላይተር ግን ለዶሮ አይበቃም፤ ግማሽ ክንፍ ሳትለበልብ ጋዙ ያልቅና ዕቃው እጅህን ያቃጥልሃል።

ቆጣቢው፦

የመሙያ ጣሳ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ከቤት የጋዝ ሲሊንደር የሚያገናኝ ማቀበያ አለ፤ በእሱ ሙላ፣ ለዓመት አይልቅብህም።

ብየዳ ሠሪው፦

ቆጣቢው፣ ይህን ምክር እባክህ አንሣው። የላይተር ማጠራቀሚያ የሚሠራው ለቡቴን ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት የቡቴን ግፊት 2 ባር ገደማ ነው፤ የፕሮፔን ግን ከ8 ባር በላይ ነው። የቤት ሲሊንደር የሁለቱ ድብልቅ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ መጠኑንም ከውጭ አይተህ አታውቀውም። ይህ ግፊት የተጠራቀመበትን ዕቃ ፊትህ አጠገብ ይዘህ ብልጭታ ልታስነሣበት ነው? ስንት ብር ለማትረፍ?

ለጠያቂው፣ አሞላሉ እንዲህ ነው። ከቤት ውጭ ወይም መስኮት ከፍተህ፣ በአካባቢው ምድጃም ሻማም ሳይኖር ይሁን። ላይተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ከሥሩ ያለችውን መሙያ ቀዳዳ በቀጭን ጠመንጃ መፍቻ ጫን ብለህ የቀረውን ጋዝና የታመቀውን አየር አስወጣ፤ ሽሽታው ሲቆም በቃ። አየር ከውስጥ ከቀረ አዲሱ ጋዝ በደንብ አይገባም፤ «ሞላሁት ግን ወዲያው አለቀ» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ማስተካከያውን ወደ መቀነሻው አዙር። ላይተሩን ገልብጠህ፣ ጣሳውንም ገልብጠህ፣ ቀጥ አድርገህ ከላይ ተጫን። ጣሳው ዘንበል ካለ ጋዙ በጎን ይረጫል፣ ጣትህንም በቅዝቃዜ ያደነዝዘዋል። ሲሞላ በአፉ ትፍት ይላል። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ አስቀምጠው፤ ሲገባ ስለሚቀዘቅዝ ወዲያው ብታቀጣጥለው ደካማ ነው ወይም ይተፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ በረንዳ ላይ እምቢ ካለህም በመዳፍህ ያዝ አድርገህ አሙቀው።

የጣሳውን ጥራት አትናቅ። ርካሽ ጋዝ የሚያመጣው ቆሻሻ ፀጉር የምታህለውን የአፈሙዝ ቀዳዳ ይደፍናል። አንዴ ከተደፈነች ደግሞ እኔም ብሆን የምከፍትበት መሣሪያ የለኝም።

ጋሽ ሲጋር፦

ልጄ፣ የቶርች ነገር ሲጋራ ለሚቸኩል ሰው ነው፤ ሲጋር አይቸኩልም። ይሁን እንጂ በረንዳ ላይ ነፋስ ስላለ ቶርች መፈለግህ አያስወቅስህም።

ለጠረጴዛ የሚሆነው ሥሩ ሰፊና ከባድ፣ በአንድ እጅ የሚቀጣጠል፣ ጋዙ ስንት እንደቀረ የሚያሳይ መስኮት ያለው ነው። ነበልባሉ ሰያፍ ቢወጣ ይመረጣል፤ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ከሆነ ለማየት አንገትህን ታጎነብሳለህ። አፈሙዙ አንድ ይበቃል። አራት አፈሙዝ ያለው ሲጋር አያቀጣጥልም፣ ያከስላል። የውጭ ቅጠሉ ሲያርር መራራው እስከ መጨረሻው ይከተልሃል።

ነበልባሉ ሲጋሩን አይንካው። ከጫፉ ሁለት ጣት ያህል አርቀህ፣ ሲጋሩን እያዞርክ፣ ገና ሳትስብ ጠርዙን ዙሪያውን አሙቀው። ጠርዙ ሲጠቁር መሃሉ ጭስ ያወጣል። ያን ጊዜ ብቻ ወደ አፍህ ወስደህ እየሳብክ አንዴ አዙረው። ከዚያ ጫፉን እፍ በልበት፤ ፍሙ እኩል ከሆነ ክብ ሆኖ ይበራል፣ ያልነደደው ወገን ጨለማ ሆኖ ይታይሃል፤ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ጨምርላት። እንደ ዚፖ ያለ በጥጥ ውስጥ ፈሳሽ ነዳጅ የሚነድበትን ለሲጋር አታቅርብ፤ ሽታው ይገባበታል። ቡቴን ሽታ አይተውም። ነፋስ በሌለበት ማታ ደግሞ ከሲጋር ሳጥኑ ውስጥ የምታገኘውን ቀጭን የሴዳር እንጨት ስንጥር በክብሪት አቀጣጥለህ በእሱ ሞክር፤ ቶርቹን ትረሳዋለህ።

በረንዳው የራስህ በመሆኑ ደስ ይበልህ፤ ከአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወዲህ ሆቴልና ምግብ ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው።

የሲኤምሲ ነዋሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰገነት፣ ያልከኝን አደረግሁ፤ ማስተካከያውን ዝቅ አድርጌ፣ አየሩን አስወጥቼ እንደ ብየዳ ሠሪው ሞላሁት። ነደደ! ነበልባሉ ድሬዳዋ እንደነበረው ኃይለኛ አይደለም፤ ሦስቱ ግን እኩል ይበራሉ። ጋሽ፣ የእርስዎንም አቀጣጠል እሞክራለሁ።

አሁን የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ ናት። እናቴ ወሬውን ሰምታ «ለቡና ከሰል ማቀጣጠያ ይሆናል ወይ?» አለችኝ። ሼፍ እመቤት፣ ያ የጣሳ ቶርች ለከሰል ይሆናል? ለሲጋርስ አይሆንም ማለት ነው?

ሼፍ እመቤት፦

ለሲጋር አይሆንም፤ ግማሹን በአንድ ትንፋሽ ይበላዋል። ለከሰል ግን እናትህ ልክ ናቸው፣ እጅግ ይሆናል። ማራገቢያም ላስቲክም አያስፈልጋቸውም። ግን ውጭ በረንዳ ላይ ያቀጣጥሉት። ከሰል በቶርች ድንገት ሲመታ ይፈነጥቃል፣ በተለይ እርጥበት ካለው፤ ስለዚህ ነጠላውን ሰብሰብ፣ ፊትን መለስ አድርገው ከጎን ይያዙት። ጣሳው ከምድጃው በላይ እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ ከፍሙ የሚነሣው ሙቀት ጣሳውን ያግለዋል። ከሰሉ ቀልቶ አመድ ሲለብስ ወደ ቤት ይግባ፤ መስኮቱ ግን ክፍት ይሁን፣ የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል።

ሰገነት፦

እንግዲህ ሁለት ግዛ፤ ለበረንዳው ባለ አንድ አፈሙዝ የጠረጴዛ ላይተር፣ ለማእድ ቤቱ የጣሳ ቶርች። የሁለቱ ዋጋ ተደምሮ «ሁሉን አድራጊ» ከሚባለው አንድ ትልቅ ዕቃ ብዙም አይበልጥም። ልጆች ካሉህ ሁለቱም መቆለፊያ ያላቸው ይሁኑ። ጣሳውን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተው፤ አብዛኛው ጣሳ ላይ ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት እንዳያገኘው የሚል ማስጠንቀቂያ አለ፣ የተዘጋ መኪና ደግሞ ያን ያህል ለመጋል ብዙ አይፈጅበትም።

የሲኤምሲ ነዋሪ፦

ቅዳሜ ጠዋት መርካቶ እወርዳለሁ። ቆጣቢው፣ ማቀበያውን ለማንም እንዳትሸጥ።

ቆጣቢው፦

ጥዬዋለሁ።