ስላቡ ይጋለጥ ወይስ ኮርኒስ ይሠራለት? ምክራችሁን እጠይቃለሁ

አርክቴክቶችና መሐንዲሶች በአንድነት በሚሠሩበት ድርጅት ውስጥ የስትራክቸር መሐንዲስ ስሆን፣ በአንድ የቢሮ ሕንፃ ዲዛይን ላይ ከባልደረቦቼ ጋር መስማማት አቅቶን ሥራው ቆሟል። የመነሻ ሐሳባችን የኮንክሪት ስላቡን (ከክፍሉ በላይ ያለውን ጠፍጣፋ የኮንክሪት አካል) ያለ ኮርኒስ በመተው ቀን የክፍሉን ሙቀት እንዲስብ፣ ሌሊት ደግሞ በመስኮት በሚገባው ቀዝቃዛ አየር እንዲበርድ በማድረግ የማቀዝቀዣውን አቅም መቀነስ ነበር። ይሁን እንጂ የተጋለጠ ኮንክሪት ድምፅ ስለሚያስተጋባ ብዙ ሰው በጋራ ለሚሠራበት ክፍል አይመችም፤ ሙሉ ኮርኒስ ከተሠራ ደግሞ ስላቡ ከክፍሉ አየር ስለሚለያይ የታሰበው ጥቅም በአብዛኛው ይቀራል።

እኔ የማደላው ድምፅ የሚመጥጡ ፓነሎችን ክፍተት እየተዉ በቁም ወደ ማንጠልጠሉ ነው፤ አየሩ በመካከላቸው አልፎ ስላቡን ያገኘዋልና። የሜካኒካል መሐንዲሳችን ግን (ጥርጣሬው ተገቢ ነው) የሌሊቱ አየር የሚያወጣውን ሙቀት በየሰዓቱ የሚያሳይ ስሌት ሳያይ የማቀዝቀዣውን መጠን አይቀንስም፤ ስሌቱ ደግሞ በምዕራብ በኩል ያለው መስታወት ስፋት ካልታወቀ አይሠራም። በዚያ አቅጣጫ ዝቅ ብላ የምትገባውን የከሰዓት ፀሐይ ከአግድም መከለያ ይልቅ የቁም መከለያ እንደሚገታት ብቻ ተስማምተናል።

ተመሳሳይ ሥራ የሠራችሁ ባለሙያዎች፣ ፓነሎቹን በምን ያህል ርቀት ብታራርቋቸው የስላቡም የድምፁም ጉዳይ ተቻቻለ? የመስታወቱ ስፋት ሳይወሰንስ ስሌቱን በምን ግምት ጀመራችሁ? ሌሊት መስኮት ክፍት ሲያድር የዝናቡንና የጥበቃውን ነገር የፈታችሁበትን መንገድ ብትገልጹልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።