«ቅዳሴውን አትሞ የሰጠን ፈረንጅ ነው» ላልከው ሰውዬ

የቢቸናው ዲያቆን፦ ትናንት ማርቆስ ለቅሶ ቤት ተቀምጠናል። አንዱ ተነሥቶ «መጽሐፈ ቅዳሴያችንን አትሞ የሰጠን ፈረንጅ ነው» አለ። ንፍሮው አነቀኝ። እስቲ ፍረዱ።

ለቀስተኛው፦ እኔ ነኝ ያልኩት። ውሸቱ የቱ ላይ ነው? እ.ኤ.አ. በ1548 ሮም ላይ ሐዲስ ኪዳን በግእዝ ሲታተም ቅዳሴው አብሮ ወጥቷል። የእኛው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ነው። ቁጠረው።

የዲማ ልጅ፦ የፈረንጁን ዘመን ከእኛው ደባልቀህ?

ለቀስተኛው፦ ደባልቄ 366 ዓመት። አስተካክለህ 373። ጭራሽ ለእኔ ጨመርክልኝ!

የዲማ ልጅ፦ እሺ፣ «የሰጠን» ምንድን ነው? ያሳተመው የእኛው መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ነው፣ የደብረ ሊባኖሱ። ፈረንጅ ያዋጣው ማተሚያና ብር ነው።

ለቀስተኛው፦ ማተሚያና ብር ካዋጣ ምን ቀረ?

የቢቸናው ዲያቆን፦ ቅዳሴው ቀረ! የማን ነው ቅዳሴው?

ለቀስተኛው፦ መነኩሴው ራሱ መጽሐፉ ላይ ይቅርታ ጠይቋል። ፊደል ለቃሚዎቹ ማንበብ አይችሉም፣ እኛ መልቀም አናውቅም፣ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ተረዳዳን ብሏል።

የዲማ ልጅ፦ ተረዳዳን አለ እንጂ ሰጡን አለ? በራስህ አፍ!

ቆሎ ተማሪ፦ 😂😂 ጎጃም ተወልዶ ሰም ይዞ ወርቅ የሚጥል አየሁ።

ለቀስተኛው፦ አንተ ደግሞ ቅኔህን ለዋሸራ ቅኔ ቤት። ዳዊቱስ? እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ ያሳተመው ጀርመናዊው ፖትከን ነው። እሱም አባ ነው በሉኝ።

የቢቸናው ዲያቆን፦ ግእዙን ከለዳዊ ነው ብሎ ያሳተመው ሰውዬ? ቋንቋውን ያስተማሩት እዚያው ሮም የነበሩ የእኛ ሰዎች ናቸው። የተማረውን ስም እንኳ አላወቀ፣ ሰጪ ሆነ!

መሪጌታው፦ ልጆች፣ እኔ የተማርኩት በቃል ነው፣ ከየኔታ አፍ። ደብራችን የሚቀደሰው በብራና ነበር። የሮሙን መጽሐፍ ዓይቼው አላውቅም።

ለቀስተኛው፦ መሪጌታ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዛሬስ በምን ነው የሚቀድሱት? በታተመ አይደለም?

መሪጌታው፦ ዓይኔ ደክሞ ነው። ደግሞ ከአዲስ አበባ ነው የገዛሁት፣ በገንዘቤ። ማንም አልሰጠኝም።

የዲማ ልጅ፦ 👏 «የሰጠን»ን አንሣ!

ለቀስተኛው፦ አላነሣም።

የቢቸናው ዲያቆን፦ እንግዲያው በአርባው እንገናኝ። ከጎኔ ግን እንዳትቀመጥ።