ለቪትዝ ሶስተኛ ወገን ይበቃል ወይስ ሙሉ ዋስትና?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር የምታድር ቪትዝ አለችኝ። ሶስተኛ ወገን ብቻ ይበቃኛል?

መልስ፦ አዋጅ 799/2005 የሚያስገድደው እሱን ነው። የሚከፍለው ግን ለተገጨው ሰውና ንብረት ነው፣ እሱም ሕጉ እስካስቀመጠው ጣሪያ ድረስ። ያንተ ፓራውልትና ፍሬቻ ከኪስህ ነው።

መልስ፦ ሙሉ ከገባህ ዋጋዋን አሳንሰህ እንዳታስመዘግብ! ብዙ ሰው አረቦን (ለዋስትናው የሚከፈለውን) ለመቆጠብ ብሎ የሚጎዳው እዚህ ነው። 2 ሚሊዮን ብር የምታወጣ መኪና በ1 ሚሊዮን ከተመዘገበች፣ 200,000 ብር ጉዳት ሲደርስ የሚታሰብልህ ግማሹ፣ 100,000 ነው። ከዚያም ላይ በውሉ የተጻፈው የራስህ ድርሻ ይቀነሳል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጎርፍን ለይተህ ጠይቅ። የ1998ቱን ድሬ አልረሳችውም። «ሙሉ» ስለተባለ ጎርፍ ገብቷል ማለት አይደለም፤ ተጨማሪ አረቦን ከፍለህ ከሆነ ፖሊሲው (የዋስትና ውሉ) ላይ በጽሑፍ ያያይዙልህ።