የኤሌክትሪክ መኪና ለጎንደር፦ ከጭሱ ብንድን ጣናስ?

ባለ ሸቀጡ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከቅዳሜ ገበያ እስከ ማክሰኝት ሸቀጥ የማመላልስበት አሮጌ የቤንዚን መኪና አለኝ። እሱን ሸጬ የኤሌክትሪክ ልገዛ አስቤአለሁ። የቤንዚን ወረፋው አንድ ነገር ነው፤ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ጭሱ ነው። ትንሿ ልጄ አስም አለባት፤ ከአዘዞ ሽቅብ ስንወጣ ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና የሚተፋው ጥቁር ጭስ ትንፋሿን ያሳጥራታል።

ጎረቤቴ ደግሞ «መብራቱም ከጣና ተመጥጦ የሚመጣ ነው፣ ባትሪውም መርዝ ነው፤ አንዱን ጥፋት በሌላ መለወጥህ ነው» አለኝ። እውነት ከሆነ ገንዘቤን ሳላወጣ ልወቀው። የምታውቁ ንገሩኝ።

መካኒክ ከአዘዞ

ጎረቤትህ ከእውነት አልራቀም። በብዙ ባትሪዎች ውስጥ ያለው ኮባልት አብዛኛው ከኮንጎ ዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ ነው የሚመጣው፤ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚቆፍሩበት ጉድጓድ አለ። ደግሞስ ባትሪው ሲሞት የት ይጣላል? የተራውን መኪና ባትሪ እንኳ አሲዱን ቦይ ውስጥ ደፍተው እርሳሱን ሲያቀልጡ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ብሆን ያለውን መኪና በደንብ አሠርቼ እነዳለሁ።

የጎርጎራ ልጅ

ወንድም ዓለም፣ ተወልጄ ያደግሁት ጎርጎራ ነው፤ አሁን ጎንደር ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የጣና ነገር ስለሚያንገበግበኝ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትቀየሙኝ።

የአገራችን ኤሌክትሪክ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ከነፋስ። «የኤሌክትሪክ መኪና ጭሱን ከከተማ ወደ ማመንጫው ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም» የሚባለው የድንጋይ ከሰል ለሚያነድዱ አገሮች ነው፤ እኛን አይመለከትም። በመቶ ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ቤንዚን የሚጠጣ መኪና 18 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ባትሪው ሲመረት የሚወጣው ጭስ ቀላል ባይሆንም፣ በእኛ መብራት የሚሄድ መኪና ያንን ዕዳ ከፍሎ ይጨርሳል።

ውኃውም ቢሆን ግን ዋጋ አለው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ከሐይቁ ውኃ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ በመልቀቅ ነው፤ ያ ውኃ ወደ ጣና አይመለስም። ከዚያም በፊት በ1995 ዓ.ም. ድርቁና ለጢስ ዓባይ ማመንጫዎች የሚለቀቀው ውኃ ተደራርበው ሐይቁን ከልክ በላይ ስላወረዱት ጀልባዎች መሄድ አቅቷቸው ነበር። ውኃው ሲሸሽ ክፉኛ የሚጎዳው ዳር ዳሩ ነው። የተራቆተው ጭቃ ሳይውል ሳያድር ይታረሳል፤ ደንገሉ ይመነጠራል፤ ከደንገሉ ጋር ዓሣው የሚራባበት ቦታ ይጠፋል። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚበሰብስ በየጊዜው አዲስ መታሰር አለበት። አባቴ ከቤታችን ሥር ያጭድ የነበረውን ደንገል ዛሬ አጎቴ ሩቅ ተጉዞ በሸክም ያመጣዋል። ስለዚህ «ንጹሕ ኃይል» ሲባል ስሰማ ማን ምን እንዳጣበት መጠየቄ አይቀርም።

ይህን ሁሉ ብዬም መኪናውን ግዛው ነው የምልህ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ያለው ከጣና ርቆ በሱዳን ድንበር አጠገብ ነው። የጣና ድርሻ ከጠቅላላው ኃይል እያነሰ ሄዷል፤ የእኛም ጥያቄ መሆን ያለበት ለሐይቁ የሚተርፍለት ውኃ ይጨመርለት የሚል ነው። ሕዳሴም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው፤ ደለሉ ከእኛው ተራሮች ተጠርጎ ይወርዳል። ደለል ግድብን ምን እንደሚያደርግ ለጎንደር የመጠጥ ውኃ በሚሰጠው በአንገረብ ግድብ ያየን ሰዎች ነን።

አንድ ነገር አደራ፦ መብራት ሲጠፋ በናፍጣ ጄኔሬተር ቻርጅ እንዳታደርግ። አንድ ሊትር ናፍጣ በትንሽ ጄኔሬተር 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሰጥህ ነው። መኪናው ለመቶ ኪሎ ሜትር 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ስለሚፈልግ 6 ሊትር ታቃጥላለህ፤ የሚወጣው ካርቦን ከቤንዚኑ እምብዛም አያንስም።

እናት ከማራኪ

ልጆቼ፣ ስለ መኪና ብቻ ታወራላችሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር እኔ ወደ እንጨት ምድጃ እመለሳለሁ፤ ዓይኔ የተበላሸው በጭስ ነው። ያ እንጨትና ከሰልስ ከየት ይመጣል? ሰው ሁሉ መኪናውን ከሰካ ለምጣዳችን ምን ይተርፋል?

የጎርጎራ ልጅ

እትዬ፣ እውነትዎን ነው፤ ቅድሚያ ከተባለ እኔም ምጣዱን ነው የማስቀድመው። ከእንጨት ጭስ ያዳነ መብራት ከቤንዚን ጭስ ካዳነው ይበልጥብኛል። ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ መኪናም በቤት ሶኬት ሲሰካ ለብዙ ሰዓት ነው የሚቆየው። ባለ መኪናው ሰፈሩ እራት ሠርቶ ሲተኛ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ቢሰካው መስመሩን ከእርስዎ ጋር አይሻማም።

ባለ ሸቀጡ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማክሰኝት ደርሶ መልስ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሌሊት ቻርጅ ካደረግሁት ለቀኑ ይበቃኛል። የባትሪው ነገር ግን አሁንም ይከነክነኛል።

የጎርጎራ ልጅ

ሻጩን የባትሪውን ዓይነት በጽሑፍ አሳየኝ በለው። ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ኮባልትም ኒኬልም የለውም። ለመንገድህ የሚበቃውን ያህል ትንሽ ባትሪ ያለውን ምረጥ። ሲያረጅ ማን እንደሚረከበው ውሉ ላይ አስጽፍ፤ አልጽፍም ካለህ ሌላ ሻጭ ፈልግ።