የፅንስ ኩላሊት ልኬት፦ ሰኞ 8፣ ሐሙስ 6። የቱን ልመን?

ጥያቄ
እህቶቼ፣ የምታውቁ እስቲ ምከሩኝ። የ30 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ወንድ ነው ተብያለሁ። በ21ኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ስነሳ "የግራ ኩላሊቱ ትንሽ ሽንት ቋጥሯል፣ 5 ሚሊሜትር ነው" አሉኝ። ባለፈው ሰኞ 8 ሆነ። ደንግጬ ሐሙስ ሌላ ቦታ ሄድኩ፤ እዚያ ደግሞ 6። የእንሽርት ውሃው ደህና ነው ብለውኛል። ግን በሦስት ቀን እንዴት ይቀንሳል? አንዳቸው ተሳስተዋል ማለት ነው? እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ።

መልስ፣ ከአልትራሳውንድ ባለሙያ
እህቴ፣ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። የሚለካው ኩላሊቱ ውስጥ ሽንት የሚጠራቀምበት ቦታ ነው፣ ከፊት ወደ ኋላ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ትንንሽ ምልክቶች በእጃችን እናስቀምጣለን። አንዷን ለጥቂት ፈቀቅ ካደረግናት 1 ሚሊሜትር ተጨመረ። ልጁ በጎኑ ከተኛ ጠርዙ በደንብ አይታይም፤ ጀርባው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲሆን ነው ጥሩ የሚለካው። ፅንስ ደግሞ ይሸናል። ፊኛው ሞልቶ ሲለካና ሸንቶ ሲለካ ቁጥሩ ይለያያል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበራት በተስማሙበት መመዘኛ፣ ከ28 ሳምንት በፊት ከ4 በታች፣ ከ28 በኋላ ከ7 በታች ጤናማ ነው። አሁን ባለሽበት ሳምንት 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጠበቅ ያለ ክትትል ይፈልጋል። ያንቺ 7ቷ መስመር ላይ ወዲህ ወዲያ እያለ ነው። ከ32ኛው ሳምንት በኋላ ይደገም። ስትሄጂ ቁጥሩን ብቻ አትጠይቂ። የኩላሊቱ ሥጋ ሳስቷል ወይ? ወደ ፊኛ የሚወርደው ቱቦ ሰፍቷል ወይ? የፊኛው ግድግዳ ወፍሯል ወይ? እነዚህ ከ1 እና 2 ሚሊሜትር ልዩነት በጣም ይበልጣሉ።

መልስ፣ ከአንዲት እናት
አይዞሽ እህታለም፣ በዚህ አልፌያለሁ። የኔ ልጅ በ33 ሳምንት 9 ነበር። በተወለደ በማግስቱ አነሱትና "ምንም የለም" ተባልን፤ እልል አልን። በወሩ ሲደገም ግን ያው ትንሹ ውሃ ቁጭ ብሏል! ዓመት ሳይሞላው በራሱ ጠፋ። በማግስቱ "የለም" ተብለሽ ክትትሉን እንዳታቋርጪ።

መልስ፣ ከሕፃናት ክፍል ነርስ
እውነቷን ነው። አራስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽንቱ ትንሽ ስለሆነ ኩላሊቱ ባዶ መስሎ ይታያል። ስለዚህ 48 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የሚነሳው። የእንሽርት ውሃው ካነሰ ወይም ሁለቱም ኩላሊቶች በጣም ካበጡ ግን 48 ሰዓቱ አይጠበቅም። ከወለድሽ በኋላ ልጁ ካተኮሰው "ጉንፋን ነው" ብለሽ ቤት አትቀመጪ፤ ሽንቱ ይመርመር።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለ33ኛው ሳምንት ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ሰኞ ያነሳኝ ባለሙያ ጋ። ሦስቱንም ወረቀት ይዤ እሄዳለሁ።

መልስ፣ ከአንዲት እናት
ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ውጤቱን ንገሪን።