ሐሳብ ያዋጡልን የነበሩ ሰዎች ለምን ዝም አሉ?

ቁልፍ_ሠሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሆነን ለስልክ የአማርኛ ኪቦርድ እንሠራለን። አምና መስከረም ላይ ተጠቃሚዎች የማሻሻያ ሐሳብ የሚጽፉበት፣ በሌላው ሐሳብ ላይም ድምፅ የሚሰጡበት ገጽ ከፈትን። መጀመሪያ እንደ ጎርፍ ነበር። አንድ የጅማ መምህር «ቋ» እና «ኳ» ሁለቴ በመንካት እንዴት እንደሚገኙ በደብተር ወረቀት ላይ ስለው፣ ፎቶ አንስተው ላኩልን። ሪያድ የምትሠራ አንዲት እህት «ስፔስ ሁለቴ ስነካ አራት ነጥብ ይምጣልኝ» አለች። ከገና በኋላ ጭር አለ። በየወሩ ለተሻለው ሐሳብ የ500 ብር ካርድ መሸለም ስንጀምር የመጣው ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ነው። መምህሩ ከኅዳር ወዲህ ብቅ አላሉም፤ ከሁሉም የሚቆጨኝ የእሳቸው ነው። ሰውን የሚያቆየው ምንድን ነው?

ካርታ_ከኮልፌ፦
እህቴ፣ እኔ ስድስት ዓመት ኦፕንስትሪትማፕ በሚባለው፣ በጎ ፈቃደኞች በሚሠሩት የኢንተርኔት ካርታ ላይ ያለ ክፍያ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ያስገባሁት የሰፈሬን ዳቦ ቤት ነው። ቡናዬን ሳልጨርስ ካርታው ላይ አየሁት። በማግስቱ አንድ የማላውቀው ሰው ከጀርመን «እንኳን ደህና መጣህ፣ የመንገዱንም ስም በአማርኛ ጨምርበት» ብሎ ጻፈልኝ። ያን ቀን ሰፈሩን በሙሉ በእግሬ ዞርኩት። ለመምህሩ ምን ብላችሁ መለሳችሁ?

ቁልፍ_ሠሪዋ፦
«እናመሰግናለን፣ እናየዋለን» ነው ያልናቸው። የሳሉት ነገር የካቲት ላይ ተሠርቶ ወጥቷል። አልነገርናቸውም። አሁን ስጽፈው ነው የገባኝ።

ዳላስ_ያለሁት፦
የኮምፒውተር አምራቹ ዴል እ.ኤ.አ. በ2007 የካቲት ላይ አይዲያስቶርም የተባለ የሐሳብ መቀበያ ከፍቶ ነበር። ሰው በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የተባለው ስርዓት የተጫነበት ኮምፒውተር ይሸጥልን ብሎ ወተወተ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት የተጫነባቸው ለገበያ ቀረቡ። ከየሐሳቡ ጎን የደረሰበት ደረጃ ይጻፍ ነበር፤ በግምገማ ላይ ነው፣ ተተግብሯል እየተባለ። የማይሠራውንም «አይሆንም፣ ምክንያቱም» በሉት። እምቢታ ያስከፋል፣ ዝምታ ግን ሰውን ይዞት ይሄዳል።

የጎዛምን_ልጅ፦
በእኛ ዘንድ ደቦና ወንፈል አንድ አይደሉም። ደቦ የጠራ ሰው ይደግሳል፤ ሰው አጭዶለት፣ በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል። ወንፈል ግን ዛሬ አንተ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለአንተ ነው፤ ቀኑም ይቆጠራል። ካርዱ ድግስ ነው፤ ድግሱ ሲያልቅ ሰው ይበተናል። አባቴ የወንፈል ቀን ያለበት እንደሆነ ታሞ እንኳ ማጭዱን ይዞ ይወጣ ነበር። መምህሩ በእናንተ ማሳ አጭደዋል። እናንተስ በእሳቸው ማሳ መቼ ገባችሁ? ምን እንደቸገራቸው ጠይቋቸው እስቲ።

ቁልፍ_ሠሪዋ፦
ዛሬ ጠዋት ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። የሳሉትን ወረቀትና አሁን የሚሠራውን ቁልፍ ጎን ለጎን አድርጌ ላክሁ፤ ሳንነግራቸው በመቆየታችንም ይቅርታ ጠየቅሁ። ከሰዓት መለሱ። ፈተና የሚያዘጋጁት በላፕቶፕ ስለሆነ ያው የ«ቋ» አሠራር ለኮምፒውተርም ይኖር እንደሆነ ጠይቀዋል። የለንም። ነገ ማታ ሦስታችን ስንገናኝ መጀመሪያ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።