ማኪንቶሽ ፕላስን ከአሮጌ ፒሲ ጋር በሲሪያል ገመድ ማገናኘት አቃተኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ። ማኪንቶሽ ፕላስ (የአፕል አሮጌ ኮምፒውተር) ላይ ያሉ ጽሑፎችን ወደ አሮጌ ፒሲ ማውጣት ፈልጌ ነው። 800 ኬ ፍሎፒዎቹን የፒሲው ድራይቭ አያነባቸውም፤ ማኩ ዲስኩን የሚያሽከረክርበት ፍጥነት እንደ ትራኩ (ዲስኩ ላይ መረጃ እንደሚጻፍበት ክብ መስመር) ይለያያል። ስለዚህ የቀረኝ ገመዱ ብቻ ነው።

የማኩ ሲሪያል ፖርት አርኤስ-422 የሚባለውን የሲግናል ደረጃ ይከተላል፣ የፒሲው ደግሞ አርኤስ-232ን። አንዱ በሁለት ሽቦዎች መካከል ያለውን የቮልቴጅ ልዩነት ያነባል፣ ሌላው ከግራውንድ አንጻር። ክቡ ባለ 8 ፒን የማኩ ሶኬት ላይ ያለውን ፒን 3 (መላኪያውን) ከፒሲው ፒን 2፣ የማኩን ፒን 5 (መቀበያውን) ከፒሲው ፒን 3፣ ግራውንዱን ከማኩ ፒን 4 ወደ ፒሲው ፒን 5 አገናኝቻለሁ። ፍጥነቱ ሁለቱም ላይ 9600 ቢት በሰከንድ ነው።

ማኩ ላይ የምጽፈው ፒሲው ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ከፒሲው የምልከው ግን ማኩ ላይ ዝብርቅርቅ ያለ ፊደል ሆኖ ይወጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይደርስም። በዚህ ምክንያት ኤክስሞደም (ፋይል የማስተላለፊያ ዘዴው) አይጀምርም፤ ላኪው ከተቀባዩ ምልክት ሳያገኝ አይንቀሳቀስማ።

የምጠረጥረው የማኩን ፒን 8 (ሁለተኛውን የመቀበያ ሽቦ) ነው፣ አሁን ከምንም ጋር አልተያያዘም። ከግራውንድ ጋር ላገናኘው? የፒሲው መላኪያ መስመር ምንም ሳይልክ -11 ቮልት ያሳያል፤ ይሄ የማኩን መቀበያ ቺፕ አያቃጥልብኝም? መለዋወጫው እንደ ልብ ስለማይገኝ ሳልጠይቅ መንካት አልፈለግሁም። ፒን 6ስ (ሁለተኛው የመላኪያ ሽቦ) ባዶውን ይቅር?